ዮርኪ እንግዛ ወይ ላልሽኝ

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባለቤትሽና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ ጉልበቴ አልፎ አልፎ ከሚያስቸግረኝ በቀር በጣም ደህና ነኝ።

በስልክ «ልጆቹ ዮርኪ ካልገዛሽልን ብለው ወጥረው ይዘውኛል፤ ምን ትያለሽ?» ስትዪኝ መልሱን ያቆየሁት በሁለት ቃል የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ነው። ዮርኪ ውሻዬን ሚጢጢን አንቺ የምታውቂያት እንግዳ ሆነሽ ስትመጪ ነው። ታጥባ፣ ተበጥራ፣ ጭራዋን እየቆላች ስትቀበልሽ። እኔ ደግሞ አብሬያት የምኖር ነኝ። ስለዚህ ደጉንም ክፉውንም ልጻፍልሽ። ባለቤትሽም ያንብበው፤ ሌሊት ሽንት ሊያስወጣ የሚነሳው እሱ መሆኑ አይቀርምና።

ሰው ዮርኪን የሚወደው መጀመሪያ በመጠኑ ነው። በዘሩ መስፈርት ያደገ ዮርክሻየር ቴሪየር ከ3.2 ኪሎ አይበልጥም። በየቤቱ ያሉት ብዙዎቹ ከዚያ ትንሽ ያልፋሉ፤ ምንም ነውር የለውም። አፓርታማ ይበቃዋል። ግቢ የለንም ብለሽ አትጨነቂ። በቀን አጠር ያለ የእግር ጉዞ ካገኘና ሳሎን ውስጥ ኳስ ካሯሯጡት፣ ማታ ጭንሽ ላይ ተጠቅልሎ ይተኛል። ሲያመው በአንድ እጅሽ ይዘሽው ሐኪም ዘንድ ትሄጃለሽ። የሚበላውም እፍኝ አይሞላም። እንደ እኔ ጉልበቱ ለሰነፈ ሰው ደግሞ፣ ውሻው ማሰሪያውን ሲጎትት አለመውደቅ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ከዚያ ፀጉሩ አለ። ብዙ ውሾች ከላይ ጠንከር ያለ፣ ከሥር ደግሞ ለስላሳና ጥቅጥቅ ያለ ድርብ ፀጉር አላቸው። ዮርኪ የሥረኛው የለውም። ያለው እንደ ሰው ፀጉር ዝም ብሎ የሚረዝም ሐር የመሰለ ፀጉር ነው። ስለዚህ ሶፋና ልብስ ላይ እምብዛም አይረግፍም። «አለርጂ አያመጣም» የሚሉሽን ግን አትመኚ። አለርጂውን የሚቀሰቅሰው ምራቁና ከቆዳው የሚረግፈው ቅርፊት ነው፤ ያ የሌለው ውሻ ደግሞ የለም። ትንሿ ልጅሽ ቶሎ እንደምታስነጥስ አውቃለሁ። ከመወሰናችሁ በፊት ዮርኪ ያለበት ቤት ደጋግመሽ ወስደሽ አውያት።

የማይረግፍ ፀጉር ደግሞ ይቋጠራል። ሚጢጢ ማበጠሪያው ከመሳቢያ ሲወጣ ድምፁን ታውቀዋለች፤ አልጋ ሥር ትገባለች። ለምኜ አወጣታለሁ። ከጆሮዋ ኋላና ከብብቷ የተቋጠረውን መጀመሪያ በጣቴ እፈታለሁ። ከዚያ የፀጉሩን ሥር በአንድ እጄ ይዤ ከጫፉ እየጀመርኩ አበጥራለሁ። ከሥሩ ከጀመርሽ ቆዳዋን ይጎትታታል፤ ሁለተኛ እጅሽ አትገባም። ፀጉራቸው መሬት የሚጠርግ እነዚያ የውድድር ውሾች የሙሉ ቀን ሥራ ናቸው። አጭር አስቆርጪው። ማንም አይቀየምሽም።

ለልጆቹ አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ ቡችላው ሲወለድ ጥቁር ነው፣ ፊቱና እግሩ ላይ ብቻ ቡናማ ጣል ያለበት። ሲያድግ የጀርባው ጥቁር ቀስ በቀስ ወደ ብረት ቀለም ይሄዳል። ፎቶውን አይተው የወደዱት ቡችላና ከዓመት በኋላ ቤት ውስጥ የሚያገኙት ውሻ አንድ መልክ አይኖራቸውም።

አሁን ወደ ጠባዩ ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ይህን ፍጥረት እንደ አሻንጉሊት ያዩታል። እሱ ግን ቴሪየር ነው፤ የአይጥ አዳኝ ዘር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሥራ ፍለጋ ከስኮትላንድ ወደ ሰሜን እንግሊዝ የወረዱ ሸማኔዎች ትንንሽ ቴሪየሮቻቸውን ይዘው መጡ። ዮርክሻየር ያኔ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አገር ነበር። ፋብሪካ ባለበት አይጥ አይጠፋም፤ የውሾቹም እንጀራ እሱ ነበር። እዚያው ከነበሩት ጋር ተዳቅለው ዛሬ የምናውቀው ዮርኪ ወጣ። የዘሩ አባት የሚባለው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1865 የተወለደ ሃደርስፊልድ ቤን የሚሉት ውሻ ነው። በ1871 ገና በወጣትነቱ ሞተ፤ እስከዚያ ግን በውድድር ሽልማት ሲሰበስብና ሲያስወልድ ኖሮ መልኩን ለዘሩ አውርሶ ሄደ። ዮርክሻየር የሚለው ስም የወጣለትም በ1870 ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ፋብሪካውን ትቶ የባለጠጋ እመቤቶች ጭን ላይ ወጣ። ኑሮው ተቀየረ፤ ጠባዩ ያው ነው።

ማየት ከፈለግሽ ስትመጪ ለሚጢጢ አንድ የሚጮኽ የጎማ አሻንጉሊት ወርውሪላት። አንገቱን ነክሳ ግራና ቀኝ ታራግፈዋለች። ጨዋታ ይመስልሻል። የአይጥ አከርካሪ የሚሰበረው እንደዚያ ነው።

ድፍረቱም ከዚያው የመጣ ነው። አሥር እጥፍ የሚበልጠው ውሻ ላይ እየተንጠራራ ይጮኻል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይላሉ፤ ሚጢጢ ሳትበላም ትጮኻለች። ደወል ሲደወል፣ ሊፍት ሲቆም፣ ጎረቤት ሲያስል። ጥሩ ጠባቂ ነው ብሎ የሚወደው ሞልቷል፤ እውነትም ሰው በር ላይ ቆሞ ሳታውቂ አይቀርም። ግን ገና ሲመጣ ሥርዓት ካልያዘ ከጎረቤት ያጣላሻል። አንድ ነገር ልብ በይ፦ ትልቅ ውሻ ቢያደርገው የምትቆጪውን ነገር ዮርኪ ሲያደርገው ትስቂያለሽ። መዝለሉም፣ መንከሱም፣ አልጋ ላይ ወጥቶ ባልሽ ላይ ማጉረምረሙም። የሚበላሸው እንደዚያ ነው። ብልህ ስለሆነ የምትስቂበትን ሁሉ ቶሎ ይይዛል።

ብልህነቱን ካነሳሁ ለትልቁ ልጅሽ የስሞኪን ታሪክ ንገሪው። በ1944፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ አንድ የአሜሪካ ወታደር ኒው ጊኒ ጫካ ውስጥ ምሽግ ጉድጓድ ውስጥ ያገኛት ዮርኪ ናት። ቢል ዊን የተባለ ሌላ ወታደር ገዝቶ አሳደጋት። ክብደቷ 1.8 ኪሎ ገደማ ብቻ ነበር። ፊሊፒንስ፣ ሉዞን ደሴት ላይ ከአውሮፕላን ማረፊያ ሥር የስልክ ሽቦ ማሳለፍ አስፈለገ። 21 ሜትር ርዝመት ያለው ቱቦ አለ፤ ስፋቱ ግን 20 ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ መገጣጠሚያው ላይ ደግሞ አፈር ገብቶ አጥብቦታል። ገመድ አንገቷ ላይ አሰሩላት። ዊን በወዲያኛው ጫፍ ተንበርክኮ ጠራት። እሷም እየተሳበች ድምፁን ተከትላ ወጣች። ያለ እሷ ማረፊያውን መቆፈር ሦስት ቀን ያህል ይፈጅ ነበር፤ ያውም ለጠላት አውሮፕላን ተጋልጦ። ሆስፒታል እየሄደችም ቁስለኞችን ታጫውት ነበር። በ1957 ነው የሞተችው። ታሪኩን ስትጨርሺ ቤት ውስጥ ያሉትን ቱቦዎች ዝጊ፤ ልጅሽን አውቀዋለሁ።

እንግዲህ የሚያሳስበኝ ነገር። ትንሿ። ሦስት ዓመት ለሞላት ልጅ ዮርኪ የሚታቀፍ ነገር ነው። ታነሳዋለች፣ ይንፈራገጣል፣ ትለቀዋለች። የፊት እግሩ አጥንት ቀጭን ነው፤ ከሶፋ ዘሎ የሚሰበር አለ። ያመመው ወይም የፈራ ውሻ ደግሞ ይነክሳል፤ አጥፊው ግን እሱ አይደለም። ለዚህ ነው ብዙ አርቢዎች በጣም ትንንሽ ልጆች ላሉበት ቤት ዮርኪ የማይሰጡት። ዘጠኝ ዓመት የሞላው ትልቁ ግን ልክ ነው። ለእሱ ጓደኛ ይሆነዋል።

ስለዚህ እኔን ካልሽኝ ቡችላ ይቅርብሽ። አድጎ ጠባዩ የታወቀ፣ ከልጅ ጋር የኖረ ዮርኪ ፈልጊ። ቡችላ ያምራል፤ ግን በጣም ትንሽ ስለሆነ ምግብ ሲዘገይበት ስኳሩ ወርዶ ይዝለፈለፋል። ሽንት ማስለመዱም ከዮርኪ ጋር ትዕግሥት ይጨርሳል። ዝናብ ሲዘንብ አልወጣም ብሎ ምንጣፍሽ ላይ ይጨርሰዋል። ያደገው ይህን ሁሉ አልፎታል። ቤት ደግሞ አንድ ሕግ ይኑር፦ ትንሿ ውሻውን የምትነካው መሬት ላይ ቁጭ ብላ ነው። ቆማ አታነሳውም። አንቺም ክፍሉ ውስጥ ከሌለሽ ሁለቱን ብቻቸውን አትተዪ።

አንገቱ ላይ ማሰሪያ አስረሽ አትጎትቺው። የዚህ ዘር የአየር ቧንቧ ደካማ ነው፤ እየጠበበ እንደ ዝይ ጩኸት ያለ ሳል ያመጣበታል። ደረቱን የሚይዝ ማሰሪያ ግዢ። ጥርሱም ቶሎ ይበላሻል፤ የወተት ጥርሱ ሳይወልቅ ሌላው የሚበቅልበት አለ። መቦረሽ ነው፤ መላ የለውም። ቸኮሌት፣ ወይን፣ ዘቢብ፣ ሽንኩርት፣ ዛይሊቶል የሚሉት ማጣፈጫ ያለበት ስኳር አልባ ማስቲካ ልጆቹ እንዳያቀምሱት። ለትልቅ ውሻ ትንሽ የሆነው ለእሱ ብዙ ነው።

«ቲካፕ» እያሉ ከሌላው ያነሰ ነው ብለው በውድ ሊሸጡልሽ ይመጣሉ። እንደዚያ የሚባል ዘር የለም። ከመጠን በላይ እንዲያንስ የተደረገ ዮርኪ ነው፤ በሽታውም አብሮት ይመጣል። ጥለሻቸው ሂጂ።

ደግሞ ይህ ውሻ ብቻውን መዋል አይወድም። ከክፍል ክፍል ይከተልሻል፤ መታጠቢያ ቤት በር ላይም ይጠብቅሻል። ሁላችሁም ጠዋት ወጥታችሁ ማታ የምትገቡ ከሆነ ሲያላዝን ይውላል፤ ያንን ካላስተካከላችሁ አትጀምሩት። ከ12 እስከ 15 ዓመት ይኖራል። ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ውሻው አንቺ ጋር ነው የሚቀረው። እናም «ውሻው የልጆቹ ነው» የሚለውን ነገር ተዪው። ያንቺ ነው። ፈቃደኛ ከሆንሽ ውሰጂው፤ ደስ ይልሻል። ካልሆንሽ ልጆቹ ቢያኮርፉም ያልፍላቸዋል።

ያደገ ካገኘሽ ጥርሱን፣ ጉልበቱንና አተነፋፈሱን ሐኪም እንዲያይልሽ አድርጊ፣ የክትባት ወረቀቱንም ጠይቂ። ከዚያ ደውይልኝ። ስልኩንም ለትልቁ ስጪው፤ ስለ ማበጠሪያው ተራ ከእሱ ጋር የምንነጋገረው አለን።

እናትሽ