ያቺ የቆዳ ላይ ቅጽበት ለምን ትዘለላለች?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በጥገኛ ትል ስለሚመጣው በሽታ ስለ ቢልሃርዝያ የሚወጡ ጽሑፎች ሁሌም በአንድ መንገድ ይሄዳሉ። የትሏ እጭ የምታድግበት ቀንድ አውጣ ይነሳል፣ እጯ የምትዋኝበት ውሃ ይነሳል፣ ከዚያ «እጯ ቆዳ በስታ ትገባለች» ይባልና ወሬው በቀጥታ ጉበትና ፊኛ ላይ ያርፋል። እኔን የሚቆጨኝ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚታለፈው ነው።

እጯ ውሃ ውስጥ ስትዋኝ ምንም አትመገብም። የያዘችው ስንቅ ሲያልቅ ትሞታለች፤ ይህም ከአንድ ሁለት ቀን አያልፍም። ላይዋ በስኳር ሽፋን የተጠቀለለ ነው። ቆዳ ስታገኝ ግን ሌላ ፍጥረት ትሆናለች። ቆዳችን ላይ ያለው ስብ፣ በተለይ ሊኖሌይክ አሲድ የሚባለው፣ ይቀሰቅሳታል። ከዕጢዎቿ ቆዳ የሚሰባብር ኢንዛይም ትለቃለች። ጫፉ ለሁለት የተከፈለ ጭራዋን ትጥላለች፣ ሽፋኗንም እያራገፈች በደቂቃዎች ውስጥ ትገባለች።

ታዲያ በዚህ መሃል በሯን ትከፍታለች። ተመራማሪዎች የሚያበራ ቀለም የተለጠፈባቸውን ሞለኪውሎች አቅርበውላት በማይክሮስኮፕ ሲያዩ፣ ቀለሙ ሰውነቷ ውስጥ ገብቶ አገኙት። ጥቃቅኖቹ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ በደም ውስጥ እንደሚገኘው አልቡሚን ያሉ ትልልቅ ፕሮቲኖችም ገብተዋል። በጣም የገረመኝ መግቢያው ነው። አንዱ መንገድ ፈሳሽ የምታስወጣበት ቀዳዳ ሆኖ ተገኝቷል! ማለትም የእኛ ሞለኪውሎች ገና ቆዳችን ላይ እያለች ውስጧ መድረስ ሊጀምሩ ይችላሉ።

ይህ ለሳይንቲስቶች ብቻ የሚተው ወሬ አይደለም። ዋናው መድኃኒት ፕራዚኳንቴል ያደጉትን ትሎች ይገድላል እንጂ፣ ገና የገቡትን ያላደጉ ትሎች እምብዛም አይነካም። ድጋሚ እንዳንያዝም አይከላከልልንም። ስለዚህ እጯ ከውጭ የምትቀበልባት ያቺ አጭር ጊዜ ትልቅ ዕድል ናት። ከምትቀበለው ጋር የሚጎዳትን ነገር ማስገባት ይቻል ይሆን? ለዚህ ምርምር ገንዘብም ሰውም መመደብ አለበት፤ ሕዝብ ያልሰማውን ነገር ደግሞ ማንም አይጠይቅም።

እናም ልመናዬ ይኸው ነው። በሚቀጥለው የቢልሃርዝያ ጽሑፋችሁ ለቆዳዋ ቅጽበት አንድ ሙሉ አንቀጽ ስጧት። አያይዛችሁም ሳያስበው እጯ ያለችበት ውሃ የነካው ሰው ወዲያው በፎጣ ጠንከር አድርጎ ቢያደርቅ ሊጠቅመው እንደሚችል፣ ግን በዚህ ብቻ ተማምኖ ምርመራ መተው እንደሌለበት ጻፉ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ