ለእትዬ፣ ከዚያም ለሁላችሁ

ይህን መልእክት ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ተቀምጬ ሦስት ጊዜ ተነሥቻለሁ። የሥነ ፈለክ ክበባችን ጸሐፊ እንደመሆኔ ቃለ ጉባኤ መጻፍ ለምጃለሁ፤ ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ ምን ተወሰነ። ምስጋና ግን በቃለ ጉባኤ መልክ አልገባልኝ አለ። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ቢዛነፍ ይቅር በሉኝ።

በዕቃ ቤታችን የደረሰውን ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ ፎቶግራፉን ያያችሁም ብዙ ናችሁ። አልደግመውም። የጨረቃ ግርዶሹ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ጎርፍ ገባ፣ ጭቃው እስከ ሁለተኛው መደርደሪያ ደረሰ፣ በቃ። ጨረቃ እንደሆነች ዕቃችን እስኪደርቅ አትጠብቀንም። ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በምድር ጥላ ውስጥ እንደምታልፍ ከብዙ ዓመታት በፊት ተሰልቶ ያደረ ነገር ነው። እኛም በየትምህርት ቤቱ እየዞርን ኑ፣ ቴሌስኮፕ አለን፣ ያልነው ሕዝብ ነበር።

እትዬ ስማቸውን እንዳልጽፍ አስጠንቅቀውኛል። የሚያውቋቸው በእትዬነታቸው ያውቋቸዋል። የክበቡ አባል እንኳ አልነበሩም፤ የልጅ ልጃቸውን ይዘው ወደ ወርሃዊ ስብሰባችን ይመጡና ከኋላ ወንበር ላይ ሹራብ ይሠሩ ነበር። አንድ ቀን ስለ ጥቁር ጉድጓዶች ሁለት ሰዓት ሙሉ ንግግር አደረግሁ (መርዘሙን ዛሬ አምናለሁ)። ጥያቄ ያለው ስል እጃቸውን አወጡና "ለልጆቹ የሚገባው ክፍል መቼ ነው የሚጀምረው?" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ንግግሮቻችን ከአርባ ደቂቃ አያልፉም። እንግዲህ ለዚህም ላመስግናቸው።

ከጎርፉ ማግስት ባለ 200 ሚሊ ሜትሩን ትልቁን ቴሌስኮፕ ፈትተን ስናየው መስታወቱ በጭቃ ተለስኗል። አንዱ አባላችን በጨርቅ ሊጠርገው እጁን ሲዘረጋ "ተው! እጅህን መልስ!" የሚል ድምፅ ከኋላችን መጣ። እትዬ ዕድሜያቸውን በላቦራቶሪ ውስጥ ከብርጭቆ ጋር እንዳሳለፉ ያወቅነው ያን ቀን ነው። "ይህ አይጠረግም፣ ይታጠባል" አሉ። እውነታቸውን ነው። የቤት መስታወት ልባሱ ከብርጭቆው ጀርባ ነው፤ የቴሌስኮፕ መስታወት ግን የአሉሚኒየም ልባሱ ከፊት ነው፣ ምንም የሚከልለው ብርጭቆ የለም። ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥር ሺህኛ ገደማ ነው። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከጨርቅ ጋር ብትጎተትበት የማይሽር ጭረት ትተዋለች።

ሰፊ ሳፋ አስመጡ። ከታች ፎጣ አነጠፉ፣ መስታወቱን ፊቱን ወደ ላይ አድርገው ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አስተኙና ጭቃው በራሱ ጊዜ እስኪለቅ ተዉት። ውሃውን ሰባት ጊዜ ለወጡ፤ በሰባቱም ጊዜ ማንም እንዲነካው አልፈቀዱም። ከዚያ ጥቂት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨመሩና የሕክምና ጥጥ ውሃው ውስጥ እንዳለ ከወዲህ ወዲያ ሳቡበት። ጣታቸው ጥጡን ይመራዋል እንጂ አይጫነውም። አንዴ ያለፈ ጥጥ ይጣላል፣ ሁለተኛ አይመለስም። በመጨረሻ በተጣራ ውሃ አለቅልቀው በጠርዙ አቆሙትና ያልወረዱትን ጠብታዎች በወረቀት ጫፍ እየነኩ አንድ በአንድ ለቀሙ። መብራት የያዝሁት እኔ ነበርሁ። እጄ ሲንቀጠቀጥ ቀና ሳይሉ "አንተ ልጅ፣ ብርሃኑን አታስጨፍረው" አሉኝ። አርባ አንድ ዓመቴ ነው። ልጅ መባል እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ትናንሾቹን ሌንሶች ሁሉ በማግስቱ እንዲሁ አጠቡ። ጉልበታቸው ያማቸዋል፤ ይህንንም እንዳልጽፍ አስጠንቅቀውኝ ነበር።

መስታወቶቹን መልሰው በሦስቱ ብሎኖች እስከ ንጋት ያስተካከሉት ሁለቱ ወጣቶች፣ ያለ እናንተ መስታወቱ ንጹሕ ሆኖ ምንም አያሳይም ነበር። ትሪፖድ ያዋሳችሁን፣ ግቢውን የፈቀዳችሁልን፣ ወንበር የተሸከማችሁ፣ ጭቃ የዛቃችሁ፣ የግቢውን መብራት በሰዓቱ ያጠፋችሁ የጥበቃ ሠራተኞች፣ ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ባትሪዎቹን በቀይ ላስቲክ የሸፈናችሁ ተማሪዎች ልዩ ምስጋና ይድረሳችሁ። ዓይን ጨለማን እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጅበታል፣ አንድ ነጭ መብራት ግን በቅጽበት ያፈርሰዋል፤ ያን ማታ አንድም ሰው አላፈረሰብንም። ቃል ገብቶ የቀረ ወገንም ነበር። ዛሬ የምስጋና ቀን ስለሆነ አልፈዋለሁ።

ወደ ማታው ልምጣ። ደመናውን ታስታውሳላችሁ። ጥላው ጨረቃን መብላት የጀመረው ከደመና ጀርባ ነው፤ ሙሉ ግርዶሹም 82 ደቂቃ ብቻ ነበረው። ያ ሁሉ ሰው ወደ ቤቱ ያልተመለሰው በእኚያ መምህር ምክንያት ነው። አንድ ባትሪ፣ አንድ ኳስና አንዲት ፈቃደኛ ልጅ ይዘው ጨረቃ በግርዶሽ ጊዜ ለምን እንደማትጠፋና ለምን እንደምትቀላ አስረዱ። የፀሐይ ብርሃን በምድር ዙሪያ ባለው አየር ውስጥ ሲያልፍ ሰማያዊው ይበተናል፤ ቀዩ ግን ታጥፎ ጥላው ውስጥ ይገባል። "እንግዲህ በጨረቃ ላይ የሚያርፈው ብርሃን በምድር ዙሪያ በዚያች ሰዓት የሚታየው የጀምበር መውጣትና መጥለቅ ሁሉ ነው" ሲሉ አንዲት እናት ጮክ ብለው "እንዴ!" አሉ። መምህር ሆይ፣ ያቺ እንዴ ከጭብጨባ ትበልጣለች።

ከዚያ ደመናው ተገለጠ። ይህን ክፍል መጻፍ አልችልም። ነበራችሁ፣ አይታችኋል።

አንድ ይቅርታ አለብኝ። የጨረቃን ግርዶሽ ለማየት ቴሌስኮፕ አያስፈልግም፤ ዓይን ይበቃል። ትልቁን ቴሌስኮፕ ለማትረፍ ያ ሁሉ ድካም የመጣው ከጨረቃ ብዙም ሳይርቅ ቆሞ ለነበረው ባለ ቀለበቱ ፕላኔት ለሳተርን ስንል ነው። በማስታወቂያችን ላይ የለጠፍነው ሥዕል መንኮራኩር ከቅርብ ያነሣው፣ ቀለበቱ ሰፊና ያማረ ነበር። እናንተ ግን በ120 እጥፍ ጎልቶ ያያችሁት በቀጭን መርፌ የተሰካ ዶቃ ነው። "ቀለበቱ የታለ?" ብላችሁ የተቆጣችሁ ልጆች፣ ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ሥዕሉን የመረጥሁት እኔ ነኝ። ሳተርን ፀሐይን ለመዞር ከ29 ዓመት በላይ ስለሚፈጅበት፣ በየ15 ዓመቱ ገደማ ቀለበቱ በጠርዙ በኩል ወደ እኛ ይዞራል። መጋቢት 2017 እንዲሁ ሆኖ ነበር፤ በጳጉሜንም ገና አልሰፋም። ጋሊልዮም እ.ኤ.አ. በ1612 በሳተርን ግራና ቀኝ ያያቸው ነገሮች ጠፍተውበት ግራ ተጋብቶ ነበርና በቁጣችሁ ብቻችሁን አይደላችሁም። በሚቀጥሉት ዓመታት እየሰፋ ይሄዳል፤ ተመለሱ።

ስማችሁን ያልጠራሁ ብዙዎች ናችሁ። መዝገቡ ራሱ ጎርፍ የበላው ስለሆነ ረሳን ብላችሁ አትቀየሙ።

እትዬ ያን ማታ ቅደሙ ብንላቸው እምቢ ብለው ከልጅ ልጃቸው ጋር ተሰለፉ። ተራቸው ሲደርስ ወደ ሌንሱ ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ ቆዩ። ምንም አላሉም። ከዚያ ቀዩን ባትሪ ከእጄ ተቀብለው ወደ ቴሌስኮፑ አፍ ዞሩ፣ መስታወቱን ቁልቁል ተመለከቱና "ከጠርዙ አጠገብ አንዲት የውሃ ምልክት ቀርታለች" አሉኝ።

ምልክቷ ሳተርንን አትጎዳውም፤ እስካሁንም አለች። ባለፈው ስብሰባ ጉዳዩን አንሥተን፣ ከእትዬ በቀር ማንም እንዳይነካት በሙሉ ድምፅ ወስነን በቃለ ጉባኤ ይዘነዋል። ሳፋው ዕቃ ቤት ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ነው፣ እትዬ።

የክበቡ ጸሐፊ