ስለ መኪናዋ ሳልነግርሽ የቆየሁት

ይድረስ ለምወድሽ እህት ዓለም፣

እንደምን ከርመሻል? እናትሽስ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸውን ያማቸው ነበር፤ ተሻላቸው ወይ? እኔ ደህና ነኝ። ከጠፋሁብሽ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ስትደውዪ አላነሳሁም። መልእክትሽን እያነበብኩ መልስ ሳልሰጥ ቀርቻለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅር በዪኝ።

ምክንያቱን ልንገርሽ። መጨረሻ ያወራን ጊዜ መኪና ገዛሁ ብዬሽ ነበር። በስልክ እልል ያልሽው እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ያቺ መኪና በሦስተኛው ሳምንት ታመመች። ለዓመታት ያጠራቀምኩት ገንዘብ ነበር፤ ለማንም መናገር አፈርኩ። "መኪናሽ እንዴት ናት?" እንዳትዪኝ ፈርቼ ካንቺም ሸሸሁ። ጊዜው በገፋ ቁጥር ደግሞ መደወሉ ራሱ ከበደኝ።

አሁን ብዕር ያስነሳኝ፣ ያገለገለ መኪና ከመኪና መሸጫ ልትገዢ እየዞርሽ መሆኑን መስማቴ ነው። እኔ ያለፍኩበት አንቺን እንዲያገኝሽ አልፈልግም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለሙከራ ልነዳት ስሄድ ሞተሯ ቀድሞ ተነስቶ ሞቆ ጠበቀኝ። ሻጩ "ሞተሯ ገና አልተነካም፣ አንድም እንከን የላትም" አለኝ። ያኔ ምንም አልመሰለኝም። ብዙ ችግር የሚታየው ሞተር በቀዝቃዛው ሲነሳ መሆኑን በኋላ ነው የተማርኩት። ጭሱም፣ መንኳኳቱም፣ አልነሳ ማለቱም ከሞቀ በኋላ ሊደበቅ ይችላል።

በሦስተኛው ሳምንት የሙቀት ጌጁ ከፍ ማለት ጀመረ። ራዲያተሩ ውኃ ይቀንሳል፤ መሬት ላይ ግን ጠብ ያለ ነገር የለም። ሞላሁት። ከሳምንት በኋላ ደግሞ ሞላሁት። ጠዋት ስትነሳ ከኋላ ነጭ ጭስ ትለቃለች፤ ጭሱ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ አይጠፋም። ለሻጩ ደወልኩ። "ያገለገለ መኪና እኮ ነው፤ ውኃ እየጨመርሽ ንጂ" አለኝ። አመንኩት። እንዲህ እያልኩ ወር ከምናምን ነዳሁ።

እስካሁን የሚቆጨኝ ይህ ጊዜ ነው። የነገርኩት በስልክ ብቻ ነበር። አንድ መስመር እንኳ አልጻፍኩም። በኋላ ስንካሰስ ሻጩ "ደውላልኝ አታውቅም፤ ስትወስዳት ደህና ነበረች፤ በአነዳዷ አበላሸቻት" አለ። ምን ላሳይ? የስልኬ ዝርዝር መደወሌን ያሳያል፤ ምን እንዳልኩ ግን አያሳይም። ደግሞ የሞቀ ሞተር እየነዳሁ መቀጠሌ ጉዳቱን አባብሶት ነበር። ስለዚህ ከጥፋቱ ከፊሉን እኔ ላይ ለመጫን በር ከፈትኩለት። አንቺ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት ካየሽ ወይም ጌጁ ወደ ቀይ ከሄደ ዳር ይዘሽ አጥፊያት። ሻጩ ንጂ ቢልሽም አትንጂ።

በመጨረሻ ሌላ ጋራዥ ወሰድኳት፤ ሻጩ የጠቆመኝን ሳይሆን ራሴ የመረጥኩትን። መካኒኩ የሞተር ዘይቱን ክዳን ከፍቶ ሥሩ የተጋገረውን ነጣ ያለ አረፋ አሳየኝ። ውኃና ዘይት ተገናኝተዋል፤ የቴስታታው ጓርኒሲዮን፣ ማለት በሞተሩና በላይኛው ክዳኑ መካከል ያለው ማሸጊያ፣ ተበልቷል አለኝ። ከዚያ ራዲያተሩን ሲያይ ፍሳሽ ለመድፈን የሚጨመር ኬሚካል ዝቃጭ አገኘበት። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ጨምሬ አላውቅም። መኪናዋ እኔ እጅ ከመግባቷ በፊት አንድ ሰው ችግሩን አውቆ ሊሸፍነው ሞክሯል ማለት ነው።

"ይህን ሁሉ ጻፍልኝ" አልኩት። ቀኑን፣ የኪሎ ሜትር ንባቡን፣ የቻንሲ ቁጥሯን፣ ያየውን፣ ችግሩ ከመቼ ጀምሮ የነበረ እንደሚመስለውም ጻፈልኝ። ፎቶ አነሳን። ጉዳዩን ያዞረችው ያቺ አንድ ገጽ ወረቀት ናት። እስከዚያ ድረስ የእኔ ቃል ከሻጩ ቃል ጋር ነበር የሚጋፋው።

እንግዲህ መብት አለኝ ወይስ የለኝም ብዬ ማንበብ የጀመርኩት ያኔ ነው። ደብዳቤዬ ቢረዝምም ይህን ቀስ ብለሽ አንብቢልኝ። መጀመሪያ የገባኝ ነገር፣ ከግለሰብ መግዛትና ከነጋዴ መግዛት በሕግ አንድ አለመሆኑ ነው። መኪና መሸጥ ሥራው የሆነ ሰው ከባድ ኃላፊነት አለበት። መኪናዋን ሊፍት ላይ ሰቅሎ የማየት ዕድል የነበረው እሱ ነው፤ እኔ ሃያ ደቂቃ ነድቼ ነው የገዛሁት። ለዚህ ነው አንዳንድ ደላሎች "የወንድሜ መኪና ናት" የሚሉት። ውሉ ላይ የሻጭ ስም ሆኖ የተጻፈው የማን እንደሆነ አይተሽ ፈርሚ። ድርጅቱ ካልተጻፈ ለምን ብለሽ ጠይቂ።

ሕጉ አገር አገር ይለያያል። በብሪታንያ የ2015ቱ የሸማቾች መብት ሕግ ያገለገለ መኪናንም ይሸፍናል። መኪናው ሲሸጥ እንከን ከነበረበት በ30 ቀን ውስጥ መልሰሽ ሙሉ ገንዘብሽን መውሰድ ትችያለሽ። 30 ቀን ካለፈ ሻጩ አንድ ጊዜ የመጠገን ዕድል ያገኛል። ጥገናው ካልሠራ ዋጋ ማስቀነስ ወይም መመለስ ይቻላል፤ በዚህ ጊዜ ግን ለተነዳበት ያህል ከገንዘቡ ሊቀነስ ይችላል። በመጀመሪያው 6 ወር ውስጥ ለታየ ችግር ደግሞ፣ ከ30 ቀኑ የመመለስ መብት በስተቀር፣ እንከኑ ሲሸጥ የነበረ ተደርጎ ይቆጠራል። አልነበረም የሚል ሻጭ እሱ ያስረዳ። ይህ ፍትሕ ነው እላለሁ። ከፍቼ ያላየሁትን ሞተር ታሪክ እኔ እንዴት አስረዳለሁ?

የአውሮፓ ኅብረትም ተመሳሳይ መንገድ ነው የያዘው። ሻጭ ለ2 ዓመት ተጠያቂ ነው፤ ላገለገለ ዕቃ አገሮች በስምምነት እንዲያጥር ሊፈቅዱ ይችላሉ፣ ከ1 ዓመት በታች ግን አይወርድም። አሜሪካ ውስጥ ግን ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። እዚያ ነጋዴው መኪናው መስኮት ላይ የገዢ መመሪያ የሚባል ወረቀት እንዲለጥፍ የፌዴራል ደንብ ያስገድደዋል። ወረቀቱ ላይ "ባለበት ሁኔታ፣ ያለ ዋስትና" የሚለው ሳጥን ምልክት ከተደረገበት፣ ብዙ ግዛት ውስጥ ከግዢ በኋላ ያለው የጥገና ወጪ የገዢው ነው። አንዳንድ ግዛቶች ደግሞ እንዲህ ብሎ መሸጥን አይፈቅዱም። በሦስት ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል የሚባለውን ወሬም አትመኚ፤ ከመሸጫው ሄደሽ በገዛሽው መኪና ላይ እንዲህ ያለ ጠቅላላ መብት የለም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግም ስለዚህ ጉዳይ ይናገራል። ገዢ ዕቃውን በተቻለው ፍጥነት መርምሮ ጉድለቱን ለሻጩ ማሳወቅ አለበት ይላል። ሻጭ ዋስትና አልሰጥም ብሎ ውል ቢያስገባ እንኳ፣ ጉድለቱን አውቆ በማታለል ከደበቀ ያ ውል አያድነውም። ራዲያተር ውስጥ ያገኘነው ዝቃጭ ትዝ ያለኝ ይህን ሳነብ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከልብ ልንገርሽ፤ ሁሉም ብልሽት የሻጩ ጥፋት አይደለም። የፍሬን ሸራ ያልቃል፣ ጎማ ይበላል፣ ባትሪ ይደክማል። ብዙ ኪሎ ሜትር የሄደች መኪና እንደ አዲስ አትሆንም፤ ሕጉም የሚመዝነው ከዕድሜዋና ከዋጋዋ አንጻር ነው። ገና ስትገዢ የተነገረሽን ጉድለት ወይም በዓይንሽ አይተሽ ያለፍሽውን ጭረትም በኋላ ልትከሺበት አትችዪም። እኔም መጀመሪያ በንዴት የጻፍኩት ደብዳቤ ላይ ያለቀውን የፍሬን ሸራ ሁሉ ጨምሬ ነበር። የሕግ ነገር የምታውቅ አንዲት ጎረቤቴ አስወጣችኝ፤ "ዋናውን አታዳክሚው" አለችኝ። እውነቷን ነው።

ሁለተኛው ደብዳቤ አጭር ነበር። መቼ እንደገዛሁ፣ ምን እንደታየ፣ መካኒኩ ምን እንዳገኘ፣ ምን እንደምፈልግና እስከ ስንት ቀን መልስ እንደምጠብቅ ጻፍኩ። የመካኒኩን ወረቀት፣ የውሉንና የደረሰኙን ቅጂ አያያዝኩ። ማስታወቂያቸውንም ከስልኬ አውጥቼ ጨመርኩ፤ "ሞተሩ ፍጹም ጤነኛ" ብለው የለጠፉትን ደግነቱ ስገዛ ስክሪንሾት አድርጌው ነበር። በኢሜይልም በአደራ ፖስታም ላክሁ። በስልክ ሲያንገላታኝ የነበረው ሰው በአራተኛው ቀን "አምጪያት፣ እናያታለን" አለ።

ጓርኒሲዮኑን ቀየሩት። ስድስት ሳምንት ሄደችና ያው ችግር ተመለሰ። የእኔ መካኒክ ሲከፍተው ቴስታታው በሙቀት ተጣሟል፤ ፊቱን ሳያስተካክሉ ነው አዲስ ጓርኒሲዮን የደረቡበት። ከዚያ በኋላ እንደገና እንጠግን ሲሉኝ እምቢ አልኩ። ገንዘቤን መልሱ አልኩ። አይሆንም አሉ። ለሸማቾች አቤቱታ ሰሚ አካል አመለከትኩ፤ ወራት ወሰደ። ብዙ ሌሊት እንቅልፍ አጥቻለሁ። ግን ወረቀቱ ሁሉ በቀን ተራ ተደርድሮ ስለነበር ሻጩ የሚለው አጣ። ለነዳሁበት ቀንሰው የቀረውን መለሱልኝ። ገንዘቡ የገባ ዕለት አለቀስኩ። ያን ቀን እንኳ ላንቺ መደወል ነበረብኝ።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። መኪናዋን ልታዪ ስትሄጂ ሞተሩን እንዳያስነሱት አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ስትደርሺ ኮፈኑን በእጅሽ ንኪው፤ ሞቆ ካገኘሽው ሌላ ቀን ተመለሺ። የራስሽን መካኒክ ውሰጂ፤ የኮምፒውተር መመርመሪያ ይያዝ። ሻጭ የ"ቼክ ኢንጅን" መብራት በመመርመሪያ አጥፍቶ ሊያቀርብልሽ ይችላል። ሲጠፋ ግን የመኪናው ኮምፒውተር የራሱ ፍተሻዎች እንደገና ከዜሮ ይጀምራሉ፤ እስኪጠናቀቁም የተወሰነ ቀን መነዳት ይፈልጋሉ። መካኒኩ "ፍተሻዎቹ አልተጠናቀቁም" ካለሽ ባትሪዋ በቅርቡ ተነቅሎ ነበር ወይ ብለሽ ጠይቂ። ካልሆነ የተደመሰሰ ነገር ሳይኖር አይቀርም።

በአፍ የሚነግሩሽን ሁሉ ውሉ ላይ አስጽፊ። "አደጋ ደርሶባት አያውቅም" ካሉሽ ይጻፍ። አንጽፍም ካሉ ትተሻቸው ውጪ። የብድር ግዢ ከሆነ ደግሞ ብድር የሰጠው ድርጅት ተጠያቂ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ችግር ከመጣ ለእሱም ጻፊለት። ተናድደሽ ግን ወርኃዊ ክፍያውን በራስሽ ውሳኔ አታቁሚ።

ከመፈረምሽ በፊት የውሉን ፎቶ ላኪልኝ፤ በተለይ ስለ ዋስትና የሚለውን ገጽ። በየትኛውም ሰዓት ይሁን አነበዋለሁ። ስልኬ ያው የድሮው ነው። እሑድ ጠዋት እደውልልሻለሁ፤ ተቆጪኝ፣ ግን አንሺልኝ። ለእናትሽ ጉልበት ሳሚልኝ።

የማትረሳሽ እህትሽ