አስተያየት ሰጪ ይቁጠር

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

የባሕር ዳር ወጣት ገጣሚዎች በስልካቸው ግጥም ሲለዋወጡ ማየት ያስደስታል። የሚያሳስበን አስተያየቱ ነው። «ግሩም ነው»፣ «በርቺ» ተብሎ ይታለፋል፤ ታዲያ ገጣሚዋ ምኑን ታስተካክል? እዚሁ ጎጃም፣ በዋሸራ ቅኔ ቤት፣ ተማሪ የቆጠረውን (ያዘጋጀውን) ቅኔ ለመምህሩ ነግሮ ይታረማል።

አስተያየት ሰጪ አስቀድሞ ግጥሙን ድምፅ አውጥቶ ያንብብ፤ ከዚያ ምቱን፣ ማለትም በአንድ ጊዜ የሚወጣውን ድምፅ፣ በጣቱ ይቁጠር። የወል ቤት የተባለው የግጥም ዓይነት ስንኝ 6 በ6 ነው፣ በየእኩሌታው 6 ምት አለው (ሰንጎ መገን የተባለው ዓይነት ከሆነ 5 በ5)። ለዚህ ደብዳቤ ያዘጋጀነውን እንይ፦

ጣና ዳር ቁጭ ብዬ፣ ታንኳዋን ሳይ ሄዳ
ልቤም አብሯት ሄደ፣ ገላ ቀረ ባዳ

«ጣና ዳር ቁጭ ብዬ» በፊደል 8 ነው፣ በድምፅ ግን 6፤ «ዳር» እና «ቁጭ» እያንዳንዳቸው አንድ ምት ናቸው። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ፊደል ይቆጥራሉ። «ልቤም በጣም አብሯት ሄደ» ቢባል ምቱ 8 ይሆንና ስንኙ ያነክሳል። «በጣም» ደግሞ ምንም አልጨመረም፣ ይውጣ።

ቤቱም፣ ማለትም የስንኞቹ መድረሻ ፊደል መመሳሰል፣ ይታይ። «ዳ» ከ«ዳ» እንጂ ከ«ድ» ጋር ቤት አይመታም። «ሄደች፣ መጣች፣ ቀረች» እየተባለ በግስ መድረሻ ብቻ የተገጠመ ግጥም ቤት ቢመታም ጆሮ ቶሎ ይሰለቸዋል፤ እንደ «ሄዳ» እና «ባዳ» አንዱን ግስ፣ ሌላውን ስም ማድረግ ይሻላል።

አደራ፣ አስተያየት ሰጪ የራሱን ስንኝ አይተካላት። የላላውን ቦታ ከነምክንያቱ ያሳያት፤ መጠገኑ የእሷ ፋንታ ነው።

የግጥም ወዳጆች፣ ከባሕር ዳር