ወሎን በመጋረጃ ጋርዳችሁ አትለፉት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው የጉብኝት ጉዞ የሚያዘጋጁ ድርጅቶች ወሎን ላሊበላ መድረሻ መንገድ ብቻ አድርገው ማየታቸውን እንዲተዉ ለመጠየቅ ነው። ከአዲስ አበባ የተነሣ አውቶቡስ ደሴ ለመግባት 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ከደሴ ወልድያ ደግሞ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። ከዚህ ሁሉ አገር ለተጓዡ የሚተርፈው እንቅልፍና የወገብ ሕመም ብቻ ሲሆን፣ ዕድሜዬን ደሴ ላይ ታሪክ ሳስተምር የጨረስሁ ሰው ዝም ማለት አይሆንልኝም።

ከጦርነቱ በፊት ከጡረተኛ ባልደረቦቼ ጋር በአንድ የጉዞ አዘጋጅ አውቶቡስ ከአዲስ አበባ ወደ ላሊበላ ሄጄ ነበር። አስጎብኚ አለ ተብሎ ከፍለናል። ኮምቦልቻን አልፈን ሐረጎን መውጣት ስንጀምር፣ መንገዱ እየተጠማዘዘ ከስድስት መቶ ሜትር በላይ ሽቅብ በሚያወጣበት፣ ሜዳው ከእግር በታች እየተዘረጋ በሚሄድበት በዚያ ሸጋ ስፍራ፣ ረዳቱ መጋረጃውን ሁሉ ዘጋው። ፀሐዩ የቴሌቪዥኑን ፊልም አላሳይ ብሎ ነው። አስጎብኚው ጋቢና ውስጥ ተኝቷል። ከደሴ ወዲያም እንደዚያው ቀጠልን፤ የሐይቅን ውኃ ያዩት በቀኝ በኩል ተቀምጠው መጋረጃቸውን የገለጡ ጥቂቶች ናቸው።

ውጫሌ ላይ ጎማ ለማየት ቆምን። ከኋላዬ የተቀመጠ አንድ ወጣት፣ «እትዬ፣ ይህ ከተማ ማን ይባላል?» አለኝ። ውጫሌ ነው ስለው ደነገጠ። በመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ ያነበበው ውጫሌ የሰው መኖሪያ፣ ሻይ ቤትና ገበያ ያለው ከተማ ሆኖ ከፊቱ ይቆማል ብሎ አስቦ አያውቅም። ተነሥቼ የምችለውን ያህል ነገርኋቸው፦ ውሉ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚሁ በአምባሰል ምድር ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ መፈረሙን፣ አንቀጽ 17 ጦሱ እስከ ዐድዋ መድረሱን። ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ቦታውን ለማየት ፈለገ። ሹፌሩ ግን መሽቶብናል አለ፤ እርሱም እውነቱን ነበር፤ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ መሪ ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። ፕሮግራሙን ያወጡት ሰዎች ውጫሌን አላሰቡትም።

ባለፈው ዓመት ልጄ ወደምትኖርበት ወደ ኢጣሊያ ሄጄ በደቡቡ ክፍል የባሕር ዳርቻ ከተሞችን በአውቶቡስ የሚያዞር ጉብኝት ላይ አብረን ተሳፍረን ነበር። አገሩ ደሴን በ1928 ዓ.ም. ከአየር በቦምብ የደበደበ አገር መሆኑን አልዘነጋሁም፤ የሚያስቀና አሠራር ሳይ ግን አልደብቅም። ባሪ ከምትባለው ከተማ ተነሣን። የወይራ ዛፉ ማለቂያ የለውም፤ አስጎብኚዋ ድምፅ ማጉያዋን ይዛ ስለ ዛፎቹ፣ ስለ አፈሩ፣ ስለ ድንጋይ ካቡ ትናገራለች፤ ሲደክመን ዝም ትላለች። ጠዋት ጠዋት ወንበር እንቀያየራለን፤ መስኮት ያላገኘ ሰው እንዳይኖር ነው። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ሹፌር አራት ሰዓት ተኩል ከነዳ በኋላ 45 ደቂቃ ማረፍ ግዴታው ነው፤ እነርሱም የሹፌሩን ዕረፍት ከምናየው ቦታ ጋር አገጣጥመውታል። እርሱ ሲያርፍ እኛ እንጎበኛለን።

ከሁሉም በላይ ልቤን የነካው ግን የየከተማው አስጎብኚ ነው። አውቶቡሱ ከአሮጌው ከተማ ቅጥር ውጭ ይቆማል፤ በር ላይ የከተማው ተወላጅ ጠብቆ ይቀበለናል። ኦትራንቶ በምትባለው የባሕር ዳር ከተማ የተቀበለችን ሴት ወደ ካቴድራሉ አስገባችን። ወለሉ በሙሉ በጥቃቅን ድንጋይ የተሠራ ሥዕል ነው፤ ጳንታሌዎን የሚባል መነኩሴ እ.ኤ.አ. ከ1163 እስከ 1165 ድረስ እንዳሠራው ነገረችን። በሁለት ዝሆኖች ጀርባ ላይ የቆመ ታላቅ ዛፍ፣ በቅርንጫፎቹ መካከል አዳምና ሔዋን፣ ኖኅ፣ ነገሥታት አሉበት። ከዚያ የኦቶማን ቱርኮች እ.ኤ.አ. በ1480 ከተማዋን ሲይዙ ስለተገደሉት 800 ያህል ሰዎች አወራችን፤ አፅማቸው እዚያው በመስተዋት ውስጥ ተቀምጧል። የራሷን ሰዎች ሞት የምትናገር ስለነበረች ከመካከላችን ያሳለ ሰው እንኳ አልነበረም። ሌሎቹን ዳርቻዎች እዘልላቸዋለሁ፤ ውብ ናቸው፣ አይስክሬም ተበልቶባቸው ታለፉ።

ማቴራ ላይ ግን እንባዬ መጣ። ከባሕሩ ገባ ያለች፣ ከዓለት የተፈለፈሉ ቤቶችና አብያተ ክርስቲያናት ያሉባት ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1952 በወጣ ሕግ 15 ሺህ ያህል ነዋሪዎቿን መንግሥት ከዋሻ ቤታቸው አውጥቶ ሌላ ቦታ አሰፍሯቸዋል፤ ኑሯቸው የአገር ኀፍረት ተብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ያችው ከተማ የአውሮፓ የባህል መዲና ተብላለች። ያስጎበኘን ሰው አያቱ ከተነሡት አንዷ ነበሩ፤ የተወለዱበትን ዋሻ በጣቱ አሳየን። የእኛ ላሊበላ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ገና እ.ኤ.አ. በ1978 ከመጀመሪያዎቹ ጋር ነው፤ ማቴራ የተመዘገበችው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። ዐሥራ አንዱም አብያተ ክርስቲያናት ዛሬም ይቀደስባቸዋል። ቅርስ አላነሰንም። ያነሰን መንገድ ላይ የሚቀበልና የሚናገር ሰው ነው።

እስኪ ይህን በወሎ መንገድ ላይ አስቡት። ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አቡነ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ታላቅ የትምህርት ማዕከል ያደረጉት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩበት፣ ለገዳሙ የሰጡት የብራና ወንጌል የተጠበቀበት የሐይቅ እስጢፋኖስ እዚያ አለ። ገዳሙ የወንዶች ነው፤ ሴት አትገባም። ሥርዓቱን አከብራለሁ። ነገር ግን ከተሳፋሪው ግማሹ ሴት በሆነበት አውቶቡስ፣ ወንዶቹ ደርሰው እስኪመለሱ እኛ በሙቀት ወንበር ላይ እንድንጠብቅ መደረጉ ከሥርዓቱ የመጣ አይደለም፤ የአዘጋጁ ስንፍና ነው። ሴቶቹን በጀልባ ውኃው ላይ ማዞር ይቻላል፤ ገዳሙ ድሮ ደሴት እንደነበር፣ ውኃው ከ80 ሜትር በላይ እንደሚጠልቅ፣ ከአርዲቦ ሐይቅ ውኃ እየወረደ እንደሚገባበት የአካባቢው ልጅ ይንገራቸው። ከዚያ ወንዱም ሴቱም ዳርቻው ላይ ተገናኝቶ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ይብላ። ለዓሣ አጥማጁም፣ ለባለ ጀልባውም፣ ለምግብ ቤቱም ገቢ ነው።

ባቲም አለ። ከኮምቦልቻ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ነው፤ ሰኞ ከተገኛችሁ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው ከነግመሉና ከነከብቱ ተገናኝቶ ሲገበያይ ታያላችሁ። የጉዞ ቀን ሲወጣ ሰኞን ባቲ ላይ ማዋል ምን ይከብዳል? ያ መንገድ ባቲ ላይ አያበቃም። በሚሌ አድርጎ አሰብ ወደብ ይደርስ ነበር። እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ የኮምቦልቻ ሹፌሮች ወደ ባሕር የሚወርዱት በዚያ ነበር። ዛሬ ፀጉራቸው ሸብቶ በየደጃፉ ተቀምጠዋል፤ ቁልቁለቱን፣ የአፋርን በረሓ ሙቀት፣ የወደቡን ሌሊት ያውቁታል። ከእነርሱ አንዱን ከኮምቦልቻ እስከ ባቲ ከሹፌሩ አጠገብ አስቀምጡና ድምፅ ማጉያውን ስጡት። ባሕር አይታ የማታውቅ የልጅ ልጄ በዚያ አውቶቡስ ውስጥ አሰብን በጆሮዋ ትጎበኘው ነበር።

ስለ ፊልሙም አንድ ነገር ልበል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ የሚባሉት አራቱ ቅኝቶች ከወሎ ምድር ስማቸው የማይለይ ናቸው፤ ሁለቱ እንዲያውም የምናልፍባቸው አገሮች ስም ናቸው። የአምባሰል ተራራ በመስኮት እየታየ ማሲንቆ የሚጫወት ሰው አውቶቡሱ ውስጥ ቢኖር የተኩስ ድምፅ የሞላበትን ፊልም ማን ይናፍቃል?

ግሸንን ግን ከዚህ ጋር አትቀላቅሉብን። ግሸን ማርያም በእግር የሚወጣ፣ መስከረም 21 ቀን ሕዝበ ክርስቲያን የሚተምበት የራሱ ጉዞ ያለው ቦታ ነው። መቅደላም እንደዚያው ነው፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ያረፉበትን አምባ በሩጫ ማየት ነውር ነው።

አንባቢ «እትዬ፣ በዚህ ጊዜ ስለ ሽርሽር?» እንደሚለኝ አውቃለሁ። መንገዱ የሚያሰጋ መሆኑን የምኖርበት እኔ ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ በ2014 ዓ.ም. የደሴ ሙዚየም ሲዘረፍ የከተማዋ ልጅ ነኝ፤ ያን ሐዘን በቃላት አልጨርሰውም። ማንም ነገ ተነሥቶ ይምጣ አላልሁም። አስጎብኚ ግን በአንድ ቀን አይፈጠርም። ከወሎ ዩኒቨርሲቲ የተመረቁ፣ ሥራ ፈትተው ከፒያሳ እስከ ሸዋ በር የሚመላለሱ ልጆች አሉን። ሰላም በሆነ ማግሥት የሚመጣው አውቶቡስ እንደ ድሮው መጋረጃውን ዘግቶ እንዳያልፍ ዛሬ ማሠልጠን ይቻላል። የንጉሥ ሚካኤልን አይጠየፍ አዳራሽ ታሪክ የሚያውቁ፣ የጦሳን ተራራና የአዝዋ ገደልን ተረት ከአባቶቻቸው የሰሙ አዛውንቶች በሕይወት አሉ፤ ሁልጊዜ ግን አይኖሩም።

ጉዞ አዘጋጆችን የምጠይቀው ይህን ነው፦ በትኬቱ ላይ የምትቆሙባቸውን ቦታዎችና ሰዓታቸውን ጻፉ፤ ለየቦታው አስጎብኚ የሚከፈለውን ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ሰው በደስታ ይከፍላል። ንጹሕ መጸዳጃ ቤት ያለበትን ማቆሚያ አስቀድማችሁ ተዋዋሉ፤ በዕድሜ የገፋን ሴቶች ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳንጠጣ የምንጓዘው ይህ ስለሌለ ነው። የየወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶችም የአካባቢያቸውን ተናጋሪዎች ስም ዝርዝር ያዘጋጁ።

እኔና ጥቂት ጡረተኛ ባልደረቦቼ ከኮምቦልቻ እስከ ውጫሌ ያለውን ታሪክ ለወጣቶች ያለ ክፍያ ለማስተማር ተስማምተናል። ደሴ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ክፍል የሚፈቅድልን ትምህርት ቤት ወይም ቤተ መጻሕፍት ካለ በጋዜጣችሁ በኩል ያሳውቀን።

ከአክብሮት ጋር
ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህርት
ሸዋ በር፣ ደሴ