የሙዚቃ ክበብ የ2017 ዓ.ም ዘገባ፦ ቴክ 31

በወላጆች ቀን ሙዚቃችን ተከፍቶ ሲያልቅ ከኋላ ወንበር አንድ ወላጅ «ዘፈኑስ መቼ ነው የሚጀምረው?» አሉ፣ አዳራሹ በሳቅ ሞላ፣ እኔም ሳቅኩ፣ ግን እውነቱን ለመናገር ትንሽ ከንክኖኛል። ዘፈን የለውማ! ክላሲካል ነው፣ ያው እኛ ሀገር ዘፋኝ የሌለው ሙዚቃ ሁሉ ክላሲካል ነው ሚባለው። 4 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ነው፣ እሱን ለመስራት ደግሞ ከየካቲት እስከ ሰኔ ፈጅቶብናል፣ ስለዚ የዘንድሮ ዘገባዬ ስለሱ ነው።

ለደንቡ ያህል፣ መስከረም ላይ 34 ልጆች ተመዘገቡ፣ ሰኔ ላይ 12 ቀሩ። ዓርብ ዓርብ ከክፍል በኋላ ተሰበሰብን፣ ሥራ አስፈፃሚ ተመረጠ፣ የሰንደቅ ዓላማ ቀን ተጫወትን፣ ዓድዋን ተጫወትን፣ ቃለ ጉባኤው ፋይል ውስጥ አለ የፈለገ ያንብብ።

ከዓድዋ በኋላ ነው አራት ጓደኛሞች መጥተው «ቲቸር፣ እየተጫወትን እየጠፋ እኮ ነው፣ አንዴ እንቅረፀው» ያሉኝ። ክራር፣ ዋሽንት፣ ኪቦርድና ከበሮ። ስቱዲዮ ጠየቅን፣ የተነገረን ዋጋ የክበቡን የዓመት በጀት ሁለቴ ይበላል (በጀት ከተባለ)። ልጆቹ ፊታቸው ሲጠቁር የአንጋፋውን የኃይሉ መርጊያን ነገር አነሳሁላቸው። ሂልተን ከዋልያስ ባንድ ጋር ይጫወቱ የነበሩት ሰው አሜሪካ ቀርተው እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮናቸውን፣ ኪቦርዶቻቸውንና ድራም ማሽን ይዘው ብቻቸውን አንዱን ድምፅ በሌላው ላይ እየደረቡ ካሴት ሰሩ። ከዛ ስንት ዓመት ታክሲ ነዱ፣ ኪቦርዱን መኪናው ውስጥ ይዘው ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመዱ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ያው ካሴት እንደገና ታትሞ ዓለምን ዞረ። የከበሮው ልጅ ይሄን ሰምቶ «እኛማ አራት ነን» አለ። አለቀ፣ ተወሰነ።

ትምህርት ቤት ውስጥ መቅዳት እንደማይቻል ታውቃላችሁ፣ አንዱ ብሎክ ሲያልቅ ሌላው ይጀመራል፣ ብረት ሲቆረጥ ነው የሚውለው። ስለዚ ኮዬ ፈጬ ያለው ኮንዶሚኒየም ቤቴ ሆነ፣ ከወላጆች ፈቃድ ተፈርሞ፣ ሁለት እናቶችም አብረውን ውለው። ባለቤቴ ቤት ውስጥ ያለውን ብርድ ልብስ ሁሉ አወጣች፣ ግድግዳው ላይ ሰቀልነው፣ ፍራሹን መስኮቱ ላይ አቆምነው። ፊዚክስ አስተማሪ ነኝና ለምን እንደሆነ ነገርኳቸው፣ ባዶ ግድግዳ ድምፁን መልሶ ይወረውረዋል፣ ልብስ ግን ይውጠዋል፣ ክፍል ውስጥ ያን ያህል ጆሮ ሰጥተውኝ አያውቁም።

መቃኘቱ ራሱን የቻለ ትምህርት ነበር። ቅኝቱ ትዝታ ነው፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፣ አምስት ድምፅ ብቻ። ኪቦርድ ተጫዋቿ እጇ እየለመደባት ሌላ እንዳትነካ ፋ እና ሲ ላይ በሙሉ ቀይ ፕላስተር ለጠፈችባቸው፣ ኪቦርዱ ከጠብ የመጣ መሰለ። ችግሩ ዋሽንቱ ነው። ክራር ጅማቱ ይጠብቃል ይላላል፣ ዋሽንት ግን ሸምበቆው አንዴ ተቆርጦ ከተበሳ እሱ ነው አለቃው። ባለሙያዎቹ ለዚህ ነው ርዝመታቸው የተለያየ ብዙ ዋሽንት የሚይዙት፣ የኛ ልጅ ያለው አንድ ነው፣ እሱም ከኪቦርዱ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ከግማሽ ድምፅ ያነሰ ስለሆነ ትራንስፖዙ (ድምፁን በግማሽ በግማሽ የሚያነሳው ቁልፍ) አይረዳም። መጨረሻ ላይ ሜኑው ውስጥ ቱኒንግ የሚል ተገኘና 440 የነበረው (የላ ድምፅ በሰከንድ ስንቴ እንደሚርገበገብ ነው) ከፍ ተደረገ፣ ክራሩም ተከተለ፣ ሁላችንም ለአንዲት ሸምበቆ ሰገድን።

የክራሩ ልጅ ደግሞ ከበሮውን በኢርፎን እየሰማ ከቤቱ ቀድቶ የሚልከው ሁሌ ከከበሮው ኋላ ይቀራል፣ ጓደኞቹ «ምት አይጠብቅም» ብለው አሳቀቁት፣ ልጁ ክበቡን ሊለቅ ምንም አልቀረውም። አንድ ቀን ጆሮው ላይ ያለውን ሳየው ብሉቱዝ ነው! ብሉቱዝ ድምፁን 100 እና 200 ሚሊሰከንድ ሊያዘገየው ይችላል፣ ልጁ እኮ የሚሰማውን ምት በትክክል እየጠበቀ ነበር፣ ምቱ ራሱ ነው ዘግይቶ የሚደርሰው። ባለገመድ ኢርፎን ተገዛለት፣ በማግስቱ ልክ ገባ። በቴሌግራም ስትልኩም በቮይስ አይሁን በፋይል ላኩት፣ ቮይሱ ድምፁን ይጨምቀዋል፣ ይሄን ለማወቅ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብናል፣ ለሌሎች ክበባት በነፃ።

አሁን ወደ አምስተኛዋ ልጅ ልምጣ። የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት፣ ምንም መሳሪያ አትጫወትም፣ እኛ ጋ የመጣችው ሚኒ ሚዲያ ሞልቶባት ነው፣ ዓመቱን ሙሉ ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ነበር። ቤቴ ስትመጣ የሒሳብ ደብተሯን ከኋላ ገልብጣ መፃፍ ጀመረች፣ ማንም ፃፊ አላላትም። ደብተሩ አሁን እኔ ጋ ነው፣ እንዲህ ይላል (ቴክ ማለት አንድ የመቅዳት ሙከራ ነው)፦

ቴክ 3፣ 8:14፣ ክራር፣ ውሻ።
ቴክ 4፣ 8:21፣ ክራር፣ ቁራሌው።
ቴክ 9፣ 8:50፣ ክራር፣ ጥሩ ነበር ቲቸር አስነጠሰው።
ቴክ 12፣ 9:08፣ ከበሮ፣ ፎቅ ላይ ቡና እየተወቀጠ ነው፣ ጠበቅን።
ቴክ 31፣ 10:47፣ ዋሽንት፣ ይሄ ነው።

ልጆቹ ሬጅስትራር እያሉ ቀለዱባት። 11 ሰዓት አካባቢ መብራት ሄደ። የትምህርት ቤቱ ላፕቶፕ ባትሪው ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው (ደብዳቤ ፅፈናል፣ ሁለቴ)፣ ስለዚ እሱም አብሮ ሄደ። መብራት ሲመጣ የደረደርነው ሥራ አልከፍት አለ፣ የቀኑ ልፋት እንዳለ። የቀዳንበት ስልክ ላይ ያሉት ቅጂዎች ተርፈዋል፣ ግን ስም የላቸውም፣ ቁጥር ብቻ፣ ከ40 በላይ ፋይል፣ የትኛው የቱ እንደሆነ ማን ያውቃል። ኪቦርድ ተጫዋቿ አለቀሰች። እኔም ይቅርብን ልል ነበር፣ አልደብቅም።

በሚቀጥለው ዓርብ ያቺ ልጅ ደብተሯን ይዛ መጣችና «ሰዓቱን ፅፌዋለሁ እኮ» አለች። ስልኩ ፋይሉን በሰዓት ነው የሚሰይመው። ፈለግን፣ 10:47 የሚባል የለም። አንዱ «ውሸት ነው የፃፈችው» ሲል እሷ ቀና ሳትል «የስልኩ የፈረንጅ ሰዓት ነው፣ 6 ደምሩበት» አለች። 16:47። ከፈትነው። ብርድ ልብስ ውስጥ ያለ ትንፋሽ ይሰማል፣ ቀጥሎ ዋሽንቱ ገባ፣ ክፍሉ ውስጥ የሚንቀሳቀስ የለም፣ ልጅቷ እስክሪብቶዋን አንስታ «ይሄ ነው» የሚለው ጎን ራይት አደረገች። እኔ ጠመኔ የምፈልግ መስዬ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ።

ከዛ በኋላ ሁለት ዓርብ ሙሉ እሷ ታነባለች፣ እነሱ ይፈልጋሉ፣ እንደገና ደረደርነው። አዋቂ ጆሮ የሚሰማው ጉድለት አለ፣ መሀል ላይ ከበሮው ይፈጥናል፣ አንድ ቦታ ውሻው አልወጣም። የተሳታፊዎች ስም ዝርዝር ሲፃፍ «እኔ አልተጫወትኩም» ብላ ስሟን ሰረዘችው፣ ሌሎቹ ደግሞ ካልገባች እኛም አንገባም አሉ፣ ገባች።

«ሙዚቃ ልጆቹን ከትምህርት ያዘናጋል» ለሚሉ ባልደረቦቼ፣ የአምስቱንም ውጤት የክፍል ኃላፊዎቻቸውን ጠይቁ፣ እኔ አልናገርም። ለስፖርት ዘንድሮ ማልያ ሁለቴ ተገዝቷል፣ አንቀናም፣ ያሸንፉ። እኛ የምንለምነው አንድ ማይክ፣ ማይኩን ከላፕቶፑ የሚያገናኝ አንድ ኦዲዮ ኢንተርፌስ፣ ለላፕቶፑ ባትሪ፣ ለልጁ ሁለተኛ ዋሽንት ነው። ቤት ውስጥ የማትጠቀሙበት ወፍራም ብርድ ልብስ ካለም እንቀበላለን፣ ባለቤቴ የራሷን ትፈልጋለች። ከቤተ መፃሕፍቱ ጀርባ ያለችው የተሰበረ ዴስክ የተከማቸባት ክፍል ደግሞ መስኮት የላትም፣ ለኛ ከዛ የተሻለ የለም፣ ዴስኮቹን ልጆቹ ራሳቸው ያወጣሉ። የጠፋው ቁልፉ ነው፣ ንብረት ክፍል ጥበቃ ጋ ነው ይላል፣ ጥበቃ ንብረት ክፍል ጋ ነው ይላል፣ እጁ ላይ ያለ ሰው ዓርብ ከሰዓት ይምጣ፣ 9ኛ ሐ ክፍል ነን።