ያልተቀጠረ ሰው ፋይል የማን ነው?

ለአማራ ክልል ሥራና ስልጠና ቢሮ ኃላፊ
ባሕር ዳር

ግልባጭ፦ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ሥራ ለመቀጠር መጥተው ስለሚመለሱ ሰዎች የግል መረጃ

ክቡርነትዎ፣

በቀደም ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ወጥቼ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ገዛሁ። ባለሱቋ እንደ ልማዷ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ። ቤት ገብቼ ስፈታው የሥራ መጠየቂያ ቅጽ ነው። የአመልካቿ ሙሉ ስም፣ ስልኳ፣ የተያዧ ስልክ፣ የተያዧ የወር ደመወዝ ሳይቀር አለበት። ዝቅ ሲል፦ ሃይማኖት፤ ብሔር፤ ያገባች ወይስ ያላገባች፤ «ነፍሰ ጡር ነሽ?»፤ «ከዚህ በፊት የታመምሽው በሽታ ካለ ይገለጽ»። ልጅቱ አንዱንም ሳትዘል በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ሞልታዋለች። ጥጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «አትሆንም» ተብሏል።

ይህን የምጽፈው እጄ ንጹሕ ነው ብዬ አይደለም። ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት ፐርሶኔል ክፍል ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ፤ እንዲህ ያለውን ቅጽ ለስንቱ እንዳስሞላሁ ቆጥሬም አላውቅ። ቅጹን የወረስኩት ከእኔ በፊት ከነበሩት ሰው ነው፣ እሳቸውም ከሌላ ቦታ ገልብጠውት ይሆናል። ሃይማኖት የሚለው ጋ ሲደርስ እስክሪብቶውን ያቆመ አንድ የወረኢሉ ልጅ ብቻ ነው የማስታውሰው። «አባቴ ሙስሊም እናቴ ክርስቲያን፣ ሁለቱም አሳድገውኛል፤ የቱን ልጻፍ?» አለኝ። ቦታው ጠባብ ነው፣ አንዱን ጻፍ አልኩት። እዚሁ ወሎ ተወልጄ አድጌ እንዲህ ማለቴ ዛሬ ድረስ ይከነክነኛል።

ማጣራት ይቅር አልልም። የሃረጎን ቁልቁለት ሰው ጭኖ የሚወርድ ሾፌር ዓይኑ ይታይ፣ መንጃ ፈቃዱም ይጣራ። ገንዘብ ያዥ ተያዥ ብትጠራ፣ ከወንጀል ነጻ ወረቀት ብታመጣ አይከፋኝም። ስፌት መኪና ላይ ለምትቀመጥ ልጅ ግን የሽንት ምርመራው ለምንድን ነው? እሷ ለኩላሊት መስሏት ትሰጣለች፤ የሚታየው እርግዝና ነው። ውጤቱን የሚነግራት የለም። የሚለጠፈው ዝርዝር ላይ ስሟን ታጣዋለች፣ በቃ።

በእኔ ጊዜ የሆነውን አንድ ነገር ልንገርዎ። ለመጋዘን ሠራተኝነት የተወዳደረ ልጅ ሄፓታይተስ ቢ፣ የጉበት ቫይረስ የምንለው፣ ተገኘበት። ውጤቱ በታሸገ ፖስታ አልመጣም፤ ከጥበቃው ለጸሐፊዋ፣ ከጸሐፊዋ ለእኔ እንደተገለጠ ነው የደረሰው። ተያዥ የሆነው አጎቱ «የእህቴ ልጅ ጉዳይ ምን ደረሰ?» ብሎ ሲደውል አንዱ ባልደረባችን ነገረው። ሲመሽ ዘመድ ሁሉ ሰምቷል። ቡና ሲቀዳ ሲኒው ለብቻ ተደረገለት አሉ። ቫይረሱ በደም፣ በግብረ ሥጋ፣ በወሊድ ጊዜም ከእናት ወደ ልጅ እንጂ በሲኒ እንደማይተላለፍ ለአጎትየው ያስረዳው የለም። እኛ ምስጢሩን አወጣን እንጂ እውቀቱን አልሰጠንም። ልጁ ብዙም ሳይቆይ ከሰፈሩ ለቆ ሄደ። እኔም የዚያን ቀን ማንንም አልተቆጣሁም፤ ጥፋት መሆኑ ራሱ አልታየኝም ነበር።

ሕግ የለም እንዳንል፣ አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በጾታ፣ በሃይማኖት፣ በብሔር፣ በፖለቲካ አመለካከት ልዩነት ማድረግን ይከለክላል። ሠራተኛው በበቂ ምክንያት ሲጠየቅ የጤና ምርመራ እንቢ እንዳይልም ያዛል፤ የኤችአይቪ ምርመራን ግን ከዚህ ያወጣዋል። ነገር ግን ልብ ይበሉልኝ፣ አዋጁ በአመዛኙ የሚያወራው ስለ ሠራተኛ ነው። በር ላይ ፋይሏን ታቅፋ የቆመችው ልጅ ገና ሠራተኛ አይደለችም። ውል የላትም፣ የሠራተኛ ማኅበር የላትም፣ የምርመራውንም ዋጋ የምትከፍለው ከኪሷ ነው። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ጓንት ያያል፣ የእሳት ማጥፊያ ያያል፣ የውል ፋይል ያገላብጣል። «ያልተቀበላችኋቸውን ሰዎች ወረቀት የት አደረጋችሁት?» ያለኝ ተቆጣጣሪ ግን በዘጠኝ ዓመት አንድም አልገጠመኝም።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሲወጣ ደስ ያለኝ ለዚህ ነው። ይህኛው ሠራተኛ ነሽ ወይስ አመልካች ብሎ አይጠይቅም፤ መረጃው የሰውየው ነው፣ ለተሰበሰበበት ጉዳይ ከሚያስፈልገው በላይ አይሰበሰብ፣ ጉዳዩ ካለቀ በኋላም አይከማች ይላል። ጤናን፣ ሃይማኖትንና ብሔርን የመሳሰሉትን ደግሞ ጠበቅ አድርጎ ይይዛቸዋል። ተቆጣጣሪው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ስለሆነ ግልባጩን ልኬያለሁ። ይሁንና ኮምቦልቻ ያለን መሳቢያ ከአዲስ አበባ ሆኖ ማን ያየዋል? የፋብሪካውን በር የሚያንኳኳው የእናንተ ሰው ነው።

«ፈቅዳ ፈርማለች እኮ» የሚሉኝ የቀድሞ ባልደረቦቼ አሉ። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ከአምባሰልም ከቃሉም ከተንታም ስንቷ ልጅ የትራንስፖርት ተበድራ እንደመጣች እናውቃለን። እሷ ናት «ይህን አልሞላም» የምትለው? ከኋላዋ እኮ ሰልፉ እስከ አስፋልት ነው።

ወረቀት ማከማቸት ምን እንደሚያመጣ ደግሞ ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ የቢሮ ፋይል መንገድ ላይ ተበትኖ አይተናል። ማን የማን ዘመድ እንደሆነ፣ ብሔሩ ምን እንደሆነ የተጻፈበት ወረቀት በዚያን ቀን በማን እጅ እንደሚወድቅ አስቡት። ከዚያ በኋላ ቅጹ ተቀይሮ እንደሆነ ብዬ አንዳንድ ቦታ ጠየቅሁ፤ የተቀየረው ዓርማው ነው።

ስለዚህ ከቢሮዎ የምለምነው ብዙ አይደለም። ለክልሉ አሠሪዎች የሚበቃ አንድ ሰርኩላር ይውጣ፦ ብሔርና ሃይማኖት ከቅጹ ይሰረዙ፣ የጤና ምርመራ ሰውየው ከተመረጠ በኋላ ለሥራው በሚያስፈልገው ልክ ብቻ ይሁን፣ ውጤቱም በቅድሚያ ለተመርማሪው በፖስታ ታሽጎ ይሰጥ። አሠሪው ማወቅ ያለበት «ለሥራው ብቁ ነው» ወይም «አይደለም» የሚለውን ነው፤ የበሽታውን ስም ምን ያደርግለታል? ያልተቀጠሩት ወረቀት በተወሰነ ቀን ውስጥ ወይ ይመለስላቸው ወይ ይቃጠል፣ የተያዦቻቸውም እንደዚሁ። ተቆጣጣሪዎቻችሁም እግረ መንገዳቸውን ያችን መሳቢያ ያስከፍቱ።

የልጅቱን ቅጽ አጥፌ ቁርኣኔ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ስልኳ ተጽፎበታል፤ ደውዬ «ወረቀትሽ እኔ ጋ ነው» ልበላት ብዬ ሁለት ጊዜ ቁጥሩን ነካክቼ ተውኩት፣ ከየት አገኘኸው ብትለኝ የምመልሰው ስላጣሁ። እንዲህ ያለውን ወረቀት የሚቀበል ክፍል ቢሮዎ ካለው የትኛው እንደሆነ ይንገሩኝና ይዤው እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የፐርሶኔል ሠራተኛ
ደሴ